ለ30 ብር ስንነታረክ ከርመን ቆጣሪ ገዛን

ዕቃው ትንሽ የመብራት ቆጣሪ ነው። ሱቅ ውስጥ «ሰብ ሜትር» ይሉታል። ከእጅ መዳፍ ትንሽ ይበልጣል። ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ፊቱ ላይ የሚዞሩ ቁጥሮች አሉት፣ የመጨረሻዋ ቁጥር ቀይ ነች፣ ከጎኗ ደግሞ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቀይ መብራት አለች፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። እዚህ ባሕር ዳር ገበያ አካባቢ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ በ2,200 ብር ገዛነው። መጀመሪያ 2,600 ነበር የተባልነው፣ ተከራክረን ነው ያወረድነው። ከገዛነው ስድስት ወር ሆኖናል። ስድስት ወር አብሮን የኖረ ዕቃ ስለሆነ ልመሰክርለትም ላማውም እችላለሁ።

ለምን እንደገዛነው ልንገራችሁ። ሦስት ነን፣ ሦስታችንም ፔዳ ነው የምንማረው። (ለማታውቁት፣ ፔዳ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ነው፣ ስሙ ከድሮው የፔዳጎጂ አካዳሚ የቀረ ነው። አካዳሚው ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ቆይቷል፣ ስሙን ግን ማንም አልተወም።) ዶርም ሰለቸንና ኖን ካፌ ሆነን (ከግቢው ካፌ የማይበላ ተማሪ ማለት ነው) አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። ግቢው አራት በር አለው። አንዱ የአከራያችን የእትዬ ነው፣ አንዱ የኛ ነው፣ አንዱ ውስጥ ባልና ሚስት ከነልጃቸው ይኖራሉ፣ አንዱ የባጃጅ ሹፌር ነው። ዋናው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው። ወር ሲደርስ እትዬ ሂሳቡን ይዘው ይመጡና ለአራት ይካፈላል። በበር ማለት ነው። ሰው ይብዛ ይነስ፣ ምጣድ ይኑር አይኑር፣ አራት በር፣ አራት እኩል።

እትዬ ደግሞ ለአንድ ምግብ ቤት እንጀራ ያስረክባሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ ምጣዱ ይጣዳል። የእንጀራው ሽታ እስከኛ በር ይመጣል፣ እኛ ደግሞ እዚያው ተኝተን «ይሄው፣ የኛ ብር እየተጋገረ ነው» እንላለን። በሳቅ ጀመርነው፣ እያደር ግን ሳቁ ቀረ። አንዱ ጓደኛዬ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፣ ነገር አይዋጥለትም። አንድ ቀን ሂሳቡ 435 ብር ደረሰን። ቀጥ ብሎ ሄዶ «እትዬ፣ እኛ እኮ ሦስት አምፖልና ሦስት ላፕቶፕ ነው ያለን» አላቸው። እሳቸውም አልተቆጡም። «ልጄ፣ አንተ ስንት እንደምታበራ በምን ታውቃለህ?» አሉት። መልስ አልነበረውም። እውነትም በምን እናውቃለን? በዚያው ሳምንት ሄደን ቆጣሪውን ገዛን። እሳቸውም «ግጠሙ፣ እኔም ልየው» አሉ። ሁሉም አከራይ እንደዚህ አይልም፣ ይሄን አውቃለሁ።

አገጣጠሙን ተማሪ ራሱ እንዳይሞክረው። እኛ በካቻቢቴና በፒንሳ እንጨርሰዋለን ብለን ነበር፣ ደግነቱ ሦስተኛው ጓደኛችን ከለከለን። የዋናውን ቆጣሪ ማሸጊያ መንካት ክልክል ነው፣ የኛው የሚገባው ከሱ በኋላ፣ ወደ ክፍላችን በሚሄደው መስመር ላይ ነው። ከታች አራት ቀዳዳ አለው። ሁለቱ ለፌዝ (ኃይሉን ለሚያመጣው ሽቦ) መግቢያና መውጫ፣ ሁለቱ ለኒውትራል (ለመመለሻው)። ብሎኑ በደንብ ካልጠበቀ ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። አንድ የመብራት ሠራተኛ አምጥተን 500 ብር ከፈልነው። ሽቦው፣ ሳጥኑና ብሬከሩ 450 ወሰደ። በድምሩ 3,150 ብር፣ ለእያንዳንዳችን 1,050። ለተማሪ ቀላል አይደለም። እኔ ያን ወር ችስታ ሆኜ በሽሮ ነው የከረምኩት።

አሁን ዋናው ነገር። በተገጠመ በሦስተኛው ቀን ማታ ዝም ብዬ ሳየው ነበር። ፊቱ ላይ 1600 የሚል ቁጥር አለ። ያ ማለት ቀይዋ መብራት 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሞላ ማለት ነው (እኛ በአጭሩ ኪሎዋት ነው የምንለው፣ ኢንጂነሮች ይቅር በሉን)። ይሄን ካወቃችሁ ቤታችሁ ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ ስንት እንደሚበላ በስልክ ሰዓት መለካት ትችላላችሁ። እኔም ሁሉን ነቀልኩ። ላፕቶፕ፣ ቻርጀር፣ ዲቫይደሩ ራሱ ተነቀለ፣ አምፖሉም ጠፋ። ጨለማ ውስጥ በስልክ ባትሪ ቆሜ ጠበቅኩ። ብልጭ አለች። 37 ሰከንድ ቆይታ ደግማ ብልጭ። እንደገና 37። ምንም ሳይሰካ ይቆጥራል ማለት ነው!

ጓደኞቼ ሐሰተኛ ቆጣሪ ነው የገዛነው ብለው ሱቁ ድረስ ሄደው ሊጣሉ ነበር። እስቲ እናስላው አልኩ። በ37 ሰከንድ አንድ ከሆነ በሰዓት 97 ገደማ ነው፣ 97 ለ1600 ሲካፈል 0.06 ኪሎዋት ይመጣል፣ እሱም 60 ዋት ነው። 60 ዋት ደግሞ ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ነው። ወጥተን አየን። የግቢው በር ላይ ያለው ቢጫ አምፖል እየበራ ነው። ማብሪያውን ሳጠፋው ቀይዋ መብራት ቀጥ አለች። የመብራት ሠራተኛው የግቢውን አምፖል ከኛ መስመር ላይ ትቶት ሄዷል። ያ አምፖል በየሌሊቱ 12 ሰዓት ቢበራ በወር ወደ 22 ኪሎዋት ነው፣ ያውም ለሁሉም በር የሚበራ። ሠራተኛው በነጋታው መጥቶ ያለ ክፍያ አስተካከለው። እትዬም አምፖሉን በ9 ዋት ኤልኢዲ ለወጡት። እንግዲህ ቆጣሪ ያስገጠማችሁ ሁሉ፣ ሠራተኛው ሳይሄድ ሁሉን ነቅላችሁ አምስት ደቂቃ አብራችሁ ቁሙ። እኛ ሦስት ቀን ዘግይተናል።

የመጀመሪያው ሙሉ ወር ደረሰ። እትዬ ሂሳቡን አመጡ፦ 412 ኪሎዋት፣ 1,740 ብር። የኛ ቆጣሪ 96 ይላል። አሁን ሌላ ክርክር መጣ፣ ይሄኛውን አላሰብነውም ነበር። 96ቱን በስንት እናባዛው? የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ርካሹ ደረጃ ነው፣ ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ድረስ ሰባት ደረጃ አለው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋ ይጨምራል። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ «እኛ 96 ብቻ ስለተጠቀምን በሁለተኛው ደረጃ ነው መክፈል ያለብን» አለ። ባልና ሚስቱ ደግሞ «እኛም ብቻችንን ብንሆን ዝቅተኛው ላይ ነበርን» አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አራት ቤት አንድ ቆጣሪ ላይ ሲሆን ሁሉም ተያይዞ ወደ ውዱ ደረጃ ይወጣል፣ የግል ቆጣሪ ለሌለው ተከራይ ዋናው ጉዳት ይሄ ነው። ሰብ ሜትሩ ደግሞ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። ማን ስንት እንደተጠቀመ ይናገራል እንጂ ደረጃውን አያወርድም። ዕቃውን የሚሸጡላችሁ ሰዎች ይሄን አይነግሯችሁም።

በመጨረሻ የተስማማነው ቀላል ነው። ጠቅላላ ብሩን ለጠቅላላው ኪሎዋት ማካፈል፣ የመጣውን በኛ ኪሎዋት ማባዛት። 1,740 ለ412፣ 4 ብር ከ22 ሳንቲም። በ96 ሲባዛ 405 ብር። በየወሩ እንደ አዲስ ነው የምናሰላው፣ ምክንያቱም ከ2017 መስከረም ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እየተደረገ ለአራት ዓመት እንዲሄድ የተወሰነ ስለሆነ ያለፈው ወር ስሌት ለዚህ ወር አይሠራም።

አያችሁ ቁጥሩን? በበር ቢካፈል 435፣ በቆጣሪ ሲሆን 405። ልዩነቱ 30 ብር ነው። ሰባት ወር ሙሉ እትዬን ስናማ፣ ጠዋት ጠዋት በእንጀራ ሽታ ስንቃጠል የከረምነው ለ30 ብር ነው። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገመው። ስልኩን ተወና በወረቀት ሠራው። ያው 30 ብር ነው። ከዚያ «እንዴ፣ እኛ ምን ስናደርግ ነው 96 የጨረስነው?» አለ። ጥያቄው አሁን ወደኛ ዞረ።

መልሱ ምድጃው ነበር። አንድ ባለ ሽቦ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለን፣ 1,500 ዋት የሚል ከታቹ ተጽፎበታል። ሰካነውና ቆጠርን፤ በደቂቃ 40 ብልጭታ። ላፕቶፕ በ40 ሰከንድ አንዴ ነው። 9 ዋት አምፖል በአራት ደቂቃ አንዴ፣ እንዲያውም ተበላሸ እንዴ ብላችሁ እስክትጠራጠሩ ትቆያለች። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሌሊቱን የምንከፍተው ፋን እንኳን በ45 ሰከንድ አንዴ ነው። ምድጃው ግን ያለ ፋታ ይርገበገባል። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ በወር 67 ኪሎዋት ነው። ሦስት አምፖልና ሦስት ላፕቶፕ ነው ያለን ያለው ልጅ ምድጃውን ረስቶት ነበር። ሆን ብሎ አይደለም። ምድጃውን እንደ መብራት ሳይሆን እንደ ማሰሮ ነበር የምንቆጥረው።

ከሁሉ የባሰው ንፍሮ ነው። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር፣ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ እናቱ የላኩለትን ባቄላና ስንዴ ደባልቆ ይቀቅላል። ሳይዘፈዝፍ። ክዳኑም ስለጠፋ ያለ ክዳን። ሁለት ሰዓት ሙሉ። እሱ ሲቀቅል እኔ ከቆጣሪው ፊት ወንበር አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ቀይዋ ቁጥር ዓይኔ እያየ ትዞራለች። ዘጠኝ ላይ ደርሳ ወደ ዜሮ ስትመለስ ከጎኗ ያለው ጥቁር ቁጥር ቀስ ብሎ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም የሚል እየመሰለ ይገለበጣል። ንፍሮው በስሎ ሲወርድ ሦስት ኪሎዋት ሄዷል። የክፍላችን አምፖል በማታ አምስት ሰዓት ቢበራ ሦስት ኪሎዋት ለመጨረስ 66 ሌሊት ይፈጅበታል። አንድ ድስት ንፍሮ፣ የሁለት ወር መብራት። ነገርኩት። አፉ ውስጥ ያለውን ንፍሮ አላምጦ እስኪውጥ ዝም አለ፣ ከዚያ «ታዲያ ልተወው?» አለኝ። መተውማ አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ ማታ ይዘፈዝፈዋል፣ ድስቱን በሳህን ይከድነዋል፣ ውሃው ሲፈላ ምድጃውን ይቀንሰዋል። አሁን ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ጣዕሙ ያው ነው፣ እሱ ግን የድሮው ይሻል ነበር ይላል።

ለሻይ ደግሞ በምድጃ ማፍላት ትተን የውሃ ማፍያ በጋራ ገዛን፣ ጠዋት አንዴ አፍልተን ፔርሙስ ውስጥ እንጨምራለን። ማፍያው ሲሠራ ከምድጃው የበለጠ ነው የሚርገበገበው፣ በደቂቃ 48። ግን ለአንድ ሊትር ሦስት አራት ደቂቃ ሠርቶ ዝም ይላል፣ ምድጃው ለዚያችው ሊትር አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። ይሄንንም ቆጥረን ነው ያወቅነው። ሁለተኛው ወር 71 ሆነ። ሦስተኛው 58። ፋን የበራበት ወር 66።

ይመልሳል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እውነቱን ልንገራችሁ። በወር ከ150 እስከ 180 ብር ቢቀንስልን ነው። 3,150 ብሩን ለመመለስ ዓመት ከመንፈቅ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እኔ ከዚያ በፊት እመረቃለሁ። የቀነሰውም ቢሆን ቆጣሪው ስለተገጠመ ሳይሆን ንፍሮው ስለተከደነ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ሳህን ይበቃ ነበር። ግን ቀይዋን መብራት ባናይ ሳህኑ ትዝ አይለንም ነበር፣ እሱም እውነት ነው። በገንዘብ ብቻ ለሚያስብ ተከራይ አልመክርም። ሦስትና አራት ወር ብቻ ለሚቀመጥ ደግሞ ከነጭራሹ። ለበራችሁ የብቻው ካርድ ቆጣሪ ካላችሁም አያስፈልጋችሁም፣ የራሳችሁ ካርድ ራሱ ይነግራችኋል። እንደኛ አንድ ቆጣሪ ለብዙ በር የሆነበት ግቢ ውስጥ ቢያንስ ዓመት የምትቆዩ ከሆነ፣ ከአከራያችሁም ጋር ሰላም መኖር ከፈለጋችሁ፣ ከ10 ሰባት እሰጠዋለሁ።

ሦስቱን ነጥብ የቀነስኩበትን ልናገር። አንደኛ፣ ቁጥሩ ማታ አይታይም። የጀርባ መብራት የለውም፣ በስልክ ባትሪ ነው የምናነበው፣ ሲገጠም ደግሞ ከፍ ተደርጎ ስለተሰቀለ አጭሩ ጓደኛችን ወንበር ላይ መውጣት አለበት። ሁለተኛ፣ ወደ ዜሮ አይመለስም። በየወሩ ያለፈውን ቀንሳችሁ ነው የምታገኙት፣ ያለፈውን ካልጻፋችሁ አለቀላችሁ። በአንጻሩ መብራት ሲጠፋ ቁጥሩ አይጠፋም፣ ምክንያቱም የሚዞር ቁጥር ነው እንጂ ስክሪን አይደለም። ስክሪን ያለው ዓይነትም ሱቁ ውስጥ ነበር፣ ውድ ስለሆነ ትተነዋል፣ አልጸጸተኝም። ሦስተኛው ደግሞ የዕቃው ጥፋት አይደለም፣ ቢሆንም ልንገራችሁ፦ ቆጣሪው በር ይቆጥራል እንጂ ሰው አይቆጥርም።

በሴሚስተር ዕረፍት ሁለታችን ወደ ቤተሰብ ሄድን፣ ሦስተኛው ቀረ። ስንመለስ «እኔ ሁለት ሳምንት አልነበርኩም፣ ለምን እኩል እከፍላለሁ?» ተባለ። እንግዲህ ከእትዬ ጋር የነበረው ነገር ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔ የሆነን ቆጣሪው ሳይሆን ደብተሩ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ከበሩ ጀርባ በምስማር ተሰቅሏል፣ እስክሪብቶው በክር ታስሮበታል፣ ያለ ክር ሦስት ቀን አይቆይም። ቅዳሜ ማታ ተራ የደረሰው ሰው ቁጥሩን አንብቦ ይጽፋል፣ የእያንዳንዱ ሰው ስምም ከነበረበት ሳምንት አጠገብ ይጻፋል። ያልነበረ አይከፍልም። የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የውሃ፣ የዋይፋይ፣ የሽንኩርትና የዘይት ሳይቀር እዚያው ነው ያለው። አንዱ ገጽ ላይ የዘይት እጅ አለበት፣ እሱም ማስረጃ ነው።

አከፋፈሉ ደግሞ በቴሌብር ነው። ቴሌብር የመጣው በ2013 ግንቦት ነው፣ ከኛ በፊት የተከራዩ ልጆች ሂሳብ ለመክፈል ተሰልፈው እንደነበር ሲያወሩ እንሰማለን፣ እኛ ግን ሰልፉን አናውቀውም። እትዬ ስማርት ስልክ የላቸውም። የኛን ድርሻ፣ የሳቸውን፣ የሁሉንም አሰባስበን አንዳችን ከስልካችን እንከፍላለን፣ የመጣውን መልእክት እናነብላቸዋለን፣ እሳቸውም «ሙሉውን አንብበው፣ ቁጥሩንም» ይላሉ። ሙሉውን እናነባለን። ከፋዩ አበዳሪ ሆኖ እንዳይቀር ሕጋችን አንድ ነው፦ በዚያው ማታ ድርሻህን ላክ። ነገ እልካለሁ የሚባል የለም። ነገ የሚባለው ነገር ነበር ካፌ ውስጥ ያቀያየመን።

ውሃው እንዳለ ነው። ለውሃ ሰብ ሜትር አልገዛንም፣ ቧንቧው አንድ ነው፣ በጋራ ነው የምንቀዳው። በሰው ቁጥር እንካፈላለን። የባጃጅ ሹፌሩ ባጃጁን ግቢ ውስጥ ያጥብ ነበር፣ አሁን ራሱ አፍሮ ውጪ ያሳጥባል። ማንም አልተናገረውም። የኛን ደብተር አንድ ቀን ቆሞ ሲያገላብጥ አይቼዋለሁ።

አሁን ስለ እትዬ ልናገር፣ ለሳቸው ዕዳ አለብኝ። ካወቅነው በኋላ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸው ሳቁ። «ውሃው የጣና፣ መብራቱም የጣና፣ እኛ ከደጁ ተቀምጠን በብልጭታ እንቆጥራለን» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጣና በለስ ከሐይቁ ውሃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ነው የተሠራው፣ ጢስ ዓባይም ከዚህ ብዙ ሩቅ አይደለም። ሂሳቡ ግን ከደጅ ነህ ብሎ አይቀንስም።

ከዚያ በሚያዝያ፣ አንድ ማለዳ ክላስ ልሄድ ስወጣ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ያን ቀይ መብራት እየቆጠራችሁ የምታውቁትን ነገር፣ ለኔም ምጣድ ቁጠርልኝ» አሉ። ሊጥ ተቀምጧል፣ ምጣዱ ግን ገና አልተሰካም። ባልና ሚስቱን፣ ሹፌሩን ቀስቅሰን ለአምስት ደቂቃ ሁሉን አጥፉልን አልናቸው፣ ሹፌሩ እያጉረመረመ አጠፋ። ዋናው ቆጣሪም ላይ ያው 1600 ተጽፎበታል። ምጣዱ ተሰካ። በደቂቃ 96። ምድጃችን ከዚህ ጋር ሲተያይ ሻማ ነው። 3,600 ዋት ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ይጋግራሉ፣ 7.2 ኪሎዋት። ያን ወር አማካዩ 4 ብር ከ40 ገብቶ ነበር፣ 32 ብር ገደማ መጣ። «ስንት እንጀራ ይወጣዎታል እትዬ?» አልኳቸው። «አርባ። አንዳንዴ አርባ ሁለት።» ለአንዱ እንጀራ 80 ሳንቲም።

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ምጣዱን አዩት። «እኔ እኮ በጤፉ ብቻ ነበር ዋጋ የምቆርጥላቸው» አሉ። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው መጋገር ጀመሩ፣ እኔም ክላስ ረፈደብኝ።

በሳምንቱ ለምግብ ቤቱ በእንጀራ 1 ብር ጨመሩ። ሊጡንም አሁን አጠገባቸው አዘጋጅተው ካስቀመጡ በኋላ ነው ምጣዱን የሚሰኩት፣ ባዶውን ሲግል አይቆይም። በቀደም ደግሞ ቆጣሪውን የገዛንበት ሱቅ የት እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ለምጣዳቸው ብቻ የሚሆን ይፈልጋሉ። አሳየኋቸው። 2,600 ቢሉዎት እሺ እንዳይሉ ብያቸው ነበር። ሄደው ሲመለሱ 3,000 ገብቷል አሉኝ።